የመርሳት ሕመም ያለባቸው ወላጅ የት ይዋሉ፣ ከማን ጋር ይደሩ? ለድሬዳዋና ለሐረር ቤተሰቦች

በአሜሪካና በአውሮፓ ለመርሳት ሕመምተኞች ብቻ ተብለው የተሠሩ መኖሪያዎች አሉ። በራቸው በቁጥር ይከፈታል፣ የግቢያቸው መሄጃ ዞሮ ወደ ተነሱበት ይመልሳል፣ ሌሊት ነቅቶ የሚያድር ሠራተኛ አላቸው። ድሬዳዋም ሆነ ሐረር ላይ ቤተሰብ ተዘዋውሮ አይቶ የሚመርጠው እንዲህ ያለ ቤት የለም። እዚህ ያለው ምርጫ ሌላ ነው። እናት በራሳቸው ቤት ሰው ተቀጥሮላቸው ይኑሩ? አንዱ ልጅ ጋ ይግቡ? በልጆቻቸው ቤት በየተራ ይዘዋወሩ? ወይስ አዲስ አበባ ተወስደው ማዕከል ይግቡ?

ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ቤት ይሆናል፤ የማን ግቢ ሰፊ ነው፣ የማን ቤት ደረጃ የለውም፣ የማን ሚስት ትችላለች። ቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ግን በሳምንት ያለውን 168 ሰዓት ማን ማን ይይዘዋል የሚለው ነው። ሰዓቱ ከተደለደለ የሚሆነው ቤት የቱ እንደሆነ ለመስማማት አይከብድም። ሰዓቱ ሳይደለደል የተመረጠ ቤት ግን ብዙም ሳይቆይ አንዷን ሴት ልጅ አልጋ ላይ ይጥላታል።

መጀመሪያ ሕመሙ ይታወቅ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ 57 ሚሊዮን ሰው ከመርሳት ሕመም ጋር እንደሚኖር ገምቷል፤ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው የሚኖሩት። ከሕመሙ ዓይነቶች አልዛይመር ከ60 እስከ 70 በመቶውን ይይዛል። በደም ግፊት፣ በስኳርና በስትሮክ ምክንያት የአንጎል ደም ሥሮች ተጎድተው የሚመጣውም ብዙ ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው መገኘታቸውም የተለመደ ነው።

«አርጅተው ነው፣ ጃጅተው ነው» ተብሎ የሚታለፈው ሁሉ ግን የመርሳት ሕመም አይደለም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ ከባድ ድብርት፣ ከመውደቅ በኋላ በራስ ቅል ውስጥ ቀስ እያለ የሚጠራቀም ደም፣ ያልታከመ ቂጥኝ፣ ኤችአይቪ፣ የጆሮና የዓይን መድከም፣ ሁሉም ሰውን የሚረሳና የሚደናገር ያስመስሉታል። አንዳንዶቹ ታክመው ይሻላሉ። ስለዚህ ድል ጮራ፣ ሳቢያን፣ ጁገል ወይም ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሲኬድ የደም ግፊትና የስኳር ልኬት ብቻ ተይዞ አይመለስ። የደም ሴል ቆጠራ፣ ታይሮይድ፣ ከተገኘ ቢ12፣ የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራ ይጠየቅ። ከወደቁ ወይም አንድ ጎናቸው ከደከመ ደግሞ ሲቲ ስካን ያስፈልጋል።

ወደ ሐኪም ሲኬድ በቤት ያለው መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ይግባ። ከጎረቤት የተዋሱት፣ ከሱቅ የተገዛው፣ የባህል መድኃኒቱም ጭምር። ለእንቅልፍ ወይም ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፣ በጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥ የሚገኘው ክሎርፌኒራሚን፣ ፕሮሜታዚን፣ ዳያዜፓም፤ እነዚህ በአረጋውያን ላይ አእምሮን ያደበዝዛሉ። አንዱን ብቻ በሐኪም ምክር ማቋረጥ ያነቃቸው ሰው አለ። ሌላው ምክር፣ ሐኪሙ ጋ አብሮ የሚገባው ከእናት ጋር የሚያድረው ሰው ይሁን። ከውጭ ለሁለት ሳምንት የመጣ ልጅ አይበቃም፤ ሕመምተኞች እንግዳ ፊት ለአንድ ሰዓት ያህል ደህና ሆነው መታየት ይችላሉ።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ትናንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ ልጃቸውን ካላወቁ፣ የሌለ ነገር እያዩ ከተናገሩ ወይም እንደ መፍዘዝ ካደረጋቸው፣ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀን የመጣ መደናገር ነውና የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ይሂዱ። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ ወባ፣ የውሃ መጉደል ወይም የስኳር መውረድ ሊሆን ይችላል። የመርሳት ሕመም በወራትና በዓመታት ነው የሚገፋው።

168ቱ ሰዓት

ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት ለ7 ቀን አንድ ደብተር ይያዝ። በየሰዓቱ ምን እንዳደረጉ፣ ማን አብሯቸው እንደነበረ፣ መቼ እንደበሉ፣ መቼ ሽንት ቤት እንደሄዱ፣ መቼ እንደተቆጡና ከመቆጣታቸው በፊት ምን እንደተፈጠረ ይጻፍ። የመጨረሻው አምድ ከሁሉም ይጠቅማል። «በድንገት ይነሳባቸዋል» የሚባለው ቁጣ ደብተር ላይ ሲታይ ብዙ ጊዜ ሰዓትና ምክንያት አለው፤ ሲታጠቡ፣ ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ፣ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ብርሃኑ እየደከመ ሲሄድ።

ከደብተሩ ሦስት ነገር ይወጣል። ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሳሉ? ለብቻቸው ያለ ስጋት ስንት ደቂቃ መቆየት ይችላሉ? ለማንሳትና ለማጠብ አንድ ሰው ይበቃል ወይስ ሁለት? የሁለተኛው መልስ «15 ደቂቃ» ከሆነ፣ ከሰል ተቀጣጥሎ እያለ ቡና ለመግዛት ሱቅ ድረስ መውጣትም አይቻልም ማለት ነው።

ከዚያ ይቆጠር። አንዲት ተቀጣሪ በቀን 10 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን ብትሠራ 60 ሰዓት ያዘች። ሌሊቱ በ8 ሰዓት ቢታሰብ በሳምንት 56 ነው። የሚተርፈው 52 ሰዓት ነው፤ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ። ይህ የቤተሰቡ ድርሻ ነው፤ «ሰው ቀጥረናል፣ ተገላገልን» የሚባለው ስሌት የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነው። ሌሊት አንዴ ተነስተው ተመልሰው የሚተኙ ከሆነ ከጎናቸው ክፍል ሰው መተኛቱ ይበቃል። ሦስትና አራት ጊዜ የሚነሱ ወይም ወደ በር የሚሄዱ ከሆነ ግን ሌሊቱን ነቅቶ የሚይዝ፣ በማግሥቱ ቀን ሥራ የሌለበት ሰው ያስፈልጋል። ቀን ስትሠራ የዋለችን ልጅ ሌሊትም እንድትነቃ ማድረግ ከአንድ ሳምንት በላይ አያስኬድም።

ወንድምና እህት ሲከፋፈሉ ገንዘብ የሚልከውና ሰዓት የሚሰጠው እኩል ድምፅ እንዳላቸው ይቆጠራል። እኛ በዚህ አንስማማም። የሌሊት ነገር ላይ የመጨረሻው ቃል ሌሊቱን የሚያድረው ሰው ቢሆን ውሳኔው ይቆያል። ሪያድና ቶሮንቶ ያሉት ደግሞ ከምክር ይልቅ ተቀጣሪዋ የምታርፍበትን ቀን የሚሸፍን ሁለተኛ ሰው ደመወዝ ቢችሉ ይሻላል።

ቤቱ ምን ይጎድለዋል?

ቤት ሲታይ ሰው መጀመሪያ ስፋቱን ያያል። ለመርሳት ሕመምተኛ ስፋት ብዙም አይረዳም፤ የሚረዳው ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ያለው መንገድ አጭርና ብርሃን ያለው መሆኑ ነው። ሽንት ቤቱ ግቢ ጥግ ከሆነ፣ ቁጢጥ ብሎ መቀመጥም የሚጠይቅ ከሆነ፣ ለሌሊቱ አልጋ አጠገብ የሚቀመጥ ፖፖ ወይም መሐሉ የተቀደደ ጠንካራ ወንበር ከነባልዲው ይዘጋጅ። ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ ትንሽ አምፖል፣ መብራት ሲጠፋም የሚሠራ ባትሪ ያስፈልጋል። ምንጣፉ ይነሳ ወይም ጠርዙ ይጣበቅ።

በጁገል፣ በሐረር ግንብ ውስጥ ያለው የሐረሪ ቤት የራሱ ፈተና አለው። እንግዳ ሲገባ የሚያምረው ነደባ፣ በየደረጃው ከፍና ዝቅ ያለው መቀመጫ፣ ርቀት መገመት ለደከመ ዓይንና አእምሮ መውደቂያ ነው። እናት ሙሉ ዕድሜያቸውን የኖሩበት በመሆኑ ማፍረስ አይታሰብም፤ የየደረጃው ጠርዝ ከወለሉ በተለየ ደማቅ ቀለም ይቀባ ወይም ሰፊ ባለቀለም ጨርቅ ይቸንከርበት። የሚተኙበትም ከሁሉ ዝቅ ያለው ቦታ ይሁን።

ከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለማንም አደገኛ ነው፤ ለሚረሳ ሰው እጥፍ ነው። የቡታጋዝ ሲሊንደር ቫልቭ ማታ ማታ ይዘጋ፤ ምድጃው ላይ ያለው ብቻ አይበቃም። መድኃኒት በቁልፍ ይቀመጥ፤ ጠዋት የዋጡትን ረስተው እንደገና የሚውጡ ብዙ ናቸው።

የድሬዳዋ ሙቀት በተለይ በግንቦትና በሰኔ ከሕመሙ ጋር ሲደመር ሌላ ችግር ነው። አረጋውያን ጥም የመሰማት አቅማቸው ይቀንሳል፤ የመርሳት ሕመም ያለባቸው ደግሞ ቢጠማቸውም ውሃ ፍለጋ ላይነሱ ይችላሉ። ስለዚህ «ሲጠማቸው ይጠይቃሉ» አይሠራም። በቀን ከ6 እስከ 8 ብርጭቆ፣ በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ እየተደረገ በእጃቸው ይሰጥ፤ ሾርባ፣ አጥሚትና ሐብሐብም ይቆጠራል። የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ካለ መጠኑን ሐኪም ይወስን። ሽንታቸው ጥቁር ቢጫ ከሆነ፣ ምላሳቸው ከደረቀ፣ ከወትሮው በላይ ካንቀላፉ ውሃ ጎድሏቸዋል። የፈሳሽ ማስወጫ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በሙቀቱ ወራት መጠኑ እንዲታይ ይደረግ።

ጾምም በዚሁ ይታያል። በረመዳን ሌሊት መብላታቸውን ረስተው ወይም ሳይበሉ የሚጾሙ፣ የስኳር መድኃኒት የዋጡ አባት በቀትር ሊወድቁ ይችላሉ። በእስልምናም ሆነ በክርስትና የታመመ ሰው ፈቃድ አለው። ይህን ከልጅ ከመስማት ከሼኩ ወይም ከንስሐ አባት መስማት ይቀላቸዋል፤ ቀድሞ መለመን ነው።

ስለ ጫት መሸፋፈን አይጠቅምም። ለ40 ዓመት የቃሙ አባት አሁን በአንድ ጊዜ ቢከለከሉ ይደነዝዛሉ፣ ይበሳጫሉ፣ ቅዠት ያስቸግራቸዋል። ቢቀጥሉ ደግሞ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ምግብ ይቀንሳል። የሚያዋጣው ለሐኪሙ በግልጽ ተናግሮ መጠኑን በየሳምንቱ መቀነስና ሰዓቱን ወደ ጠዋት ማምጣት ነው። ማታ እንቅልፍ እንዲወስዳቸው ብሎ በላዩ የእንቅልፍ ክኒን መጨመር ግን መውደቅን መጋበዝ ነው።

ወጥተው ሲጠፉ

የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው ከቤት ሲወጣ ለራሱ የሚሄድበት ቦታ አለው። ብዙ ጊዜ የድሮ ሥራ፣ የድሮ ሰፈር፣ ወይም የልጅነት ቤት ነው። የምድር ባቡር ጡረተኛ ወደ ባቡር ጣቢያው፣ መጋላ ሱቅ የነበራቸው ወደ መጋላ፣ ጁገል ያደጉት ወደሚያውቁት በር። ስለዚህ የት የት ሊሄዱ እንደሚችሉ ቀድሞ በወረቀት ይጻፍ፤ ሲጠፉ ቤተሰብ ደንግጦ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሮጣል።

በሩ ከዓይናቸው ትይዩ ውጭ፣ በጣም ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ የተሠራ መቀርቀሪያና ሲከፈት የሚያቃጭል ደወል ይኑረው። ቁልፉ አብሯቸው ያለው ሰው ኪስ ውስጥ ይሁን። ለብቻቸው ቆልፎ መሄድ ግን በምንም ምክንያት አይደረግም፤ እሳት ቢነሳ መውጫ የለም። ስማቸውና ሁለት ስልክ ቁጥር የተጻፈበት፣ የማይፈታ አምባር ይደረግላቸው ወይም ልብሳቸው ላይ ይሰፋ። ሱቁ፣ ባጃጅ ተራው፣ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ አካባቢ ያሉ ጥበቃዎች በስም እንዲያውቋቸው ይደረግ። እድርና አፎቻ (የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር) ለቀብርና ለሠርግ ብቻ አይደሉም፤ ሰብሳቢው ጋ ፎቶና ስልክ ቢቀመጥ ሰፈሩ በ10 ደቂቃ ይሰማል። አንዳንድ ቤተሰብ ያፍራል፣ ይደብቃል። መደበቅ የሚያስከፍለው ዋጋ የሚታወቀው በጠፉ ዕለት ነው።

ከጠፉ መጀመሪያ ግቢው፣ ጎረቤትና ቅርብ ያለው ቦይ ወይም ቁጥቋጦ ይታይ። ከዚያ ዝርዝሩ ላይ ያሉት ቦታዎች ይከፋፈሉ፣ ፖሊስም ወዲያው ይነገረው፤ «ትንሽ እንጠብቅ» አይባልም። ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ደረቅ መስሎ ስለሚታይ ለመሻገር ይመቻል። ላይኛው ተራራ ላይ ዘንቦ ከተማው ሳይዘንብበትም ጎርፍ ሊመጣ እንደሚችል ከ1998ቱ አደጋ ወዲህ የማያውቅ ድሬ የለም፤ የሚረሳው ሰው ግን ላያስታውሰው ይችላል። በክረምት ፍለጋው ከወንዙ ይጀምር።

ሰው ሲቀጠር

በደላላ የመጣችም ሆነች በዘመድ የተጠቆመች፣ መታወቂያና ተያዥ መጠየቁን ሁሉም ያውቃል። የሥራውን ጠባይ የሚለየው ግን ጥያቄው ነው። «እናታችን ወርቄን ሰረቅሽ ቢሉሽ ምን ትያለሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። «አልሰረቅሁም ብዬ አስረዳቸዋለሁ» ካለች አልገባትም፤ ክርክር ነው የሚፈጠረው። «አብረን እንፈልገው እላቸዋለሁ» ካለች ያዟት። «የሞቱ ባለቤታቸውን የት ሄደ እያሉ ቢጠይቁሽስ?» በየቀኑ መርዶ ማርዳት እንደማይገባ የምታውቅ፣ «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብላ ወሬውን የምታዞር ሴት ሰርተፍኬት ካላት ትበልጣለች። በእኛ ግምት ኢንሱሊን፣ የሽንት ቱቦ ወይም የአልጋ ቁስል ከሌለ የነርስነት ሥልጠና ከሚገባው በላይ ይፈለጋል፤ ትዕግሥት ደግሞ ከሚገባው በታች።

ቋንቋ ከደመወዝ እኩል ይታይ። ሕመሙ ሲገፋ ኋላ የተማሩት ቋንቋ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይሄዳል። በድሬዳዋ ዕድሜ ልካቸውን አማርኛ ሲናገሩ የኖሩ እናት ወደ ኦሮምኛ፣ ወደ ሶማሊኛ ወይም ወደ ሐረሪ ሊመለሱ ይችላሉ። በምድር ባቡር የተማሩት ፈረንሳይኛም ከልጅነታቸው ቋንቋ ይልቅ ቀድሞ ሊጠፋ ይችላል። ውሃ ስጡኝ ሲሉ የማትረዳ ተቀጣሪ «ዝም ብለው ይጮሃሉ» ትላለች።

የሙከራ ጊዜው 14 ቀን ይሁን፤ የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት የቤተሰብ ሰው አብሯት ይዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደ ቤት ሠራተኛ ያለ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ስለማይሸፍን ስምምነቱ በጽሑፍ መሆኑ ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል። የሥራ ሰዓት፣ የምትተኛበት ቦታ፣ በሳምንት አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን፣ የደመወዝ ቀን፣ ስትታመም ማን እንደሚተካት ይጻፍ። የማይደረጉትም ይጻፉ፦ ማሰር፣ መምታት፣ ክፍል ውስጥ መቆለፍ፣ ሳይታዘዝ የሚያስተኛ መድኃኒት መስጠት። የውሃው ነገርም አይረሳ። ሽንት መቆጣጠር ሲያቅታቸው አንሶላና ልብስ በየቀኑ ይታጠባል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት የሐረር ሰፈር ተጨማሪ ሮቶ ወይም በርሜል ሳይኖር ሰው መቅጠር ትርፉ ጭቅጭቅ ነው።

ስለሚያስተኙ መድኃኒቶች አንድ ነገር። ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ርካሽና በቀላሉ የሚገኙ ስለሆኑ ለሚጮሁ አረጋውያን ቶሎ ይታዘዛሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ የዚህ ዓይነት መድኃኒቶች የመርሳት ሕመም ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ እ.ኤ.አ. በ2005 ለአዳዲሶቹ፣ በ2008 ለቆዩትም አስጠንቅቋል። የሌሉ ሰዎችና እንስሳት በግልጽ የሚታዩአቸው፣ እንደ ፓርኪንሰን (ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥና የሚያደርቅ ሕመም) የሚገታተሩ ሕመምተኞች ላይ ሃሎፔሪዶል በተለይ ይከፋል። መድኃኒቱ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ራሳቸውን ወይም ሌላውን ሊጎዱ ሲሉ። ያኔም በአነስተኛ መጠን፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ተጠይቆ፣ ሕመም፣ የሆድ ድርቀትና የሽንት መያዝ እንደሌለ ከታየ በኋላ ይሁን። ምክንያቱ ያልታወቀ ቁጣ ከሆድ ድርቀት የሚነሳበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ማዕከል ሲጎበኝ

አዲስ አበባ ያለው ሜቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል የተቋቋመው ጧሪና መጠለያ ለሌላቸው ነው። ልጆች ያሏቸውን እናት እዚያ ለማስገባት መሞከር የሌላውን ቦታ መውሰድ ነው። በክፍያ የሚያሳድር ቤት ከተገኘ ግን እንዲህ ይታይ።

ቀጠሮ ይዛችሁ አንዴ፣ ሳትነግሩ ሁለቴ ሂዱ። ሳትነግሩ ከምትሄዱት አንዱ በምሳ ሰዓት፣ ሌላው እሁድ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ይሁን፤ ቢሮው ዝግ፣ ሠራተኛው ጥቂት፣ ሕመምተኛው እረፍት የሚያጣበት ሰዓት ነው። አስተዳዳሪው ስንት ሠራተኛ እንዳለው ሲነግራችሁ የሌሊቱን ተረኞች መዝገብ አሳየኝ በሉት። አሜሪካ ውስጥ ቤተሰቦች በቀን ለ5 ወይም ለ6 ሕመምተኛ አንድ ተንከባካቢ መኖሩን ይፈልጋሉ፤ እዚህ ያንን ባታገኙም 20 ሰው ለአንዲት ልጅ የሚተውበት ሌሊት ካለ ውጡ።

ምሳ ሲበላ እጃቸው የሚንቀጠቀጠውን ማን እንደሚያጎርሳቸው፣ ወጡ እንዴት እንደተፈተፈተ፣ ሳህኑ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ተመልከቱ። የሽንት ሽታ አንድ ጥግ ላይ ካለ አደጋ አይደለም፤ በየክፍሉ ከሸተተ የሚለውጥ ሰው የለም ማለት ነው። ወንበር ላይ በነጠላ ወይም በገመድ የታሰረ ሰው ካያችሁ ምክንያቱን መስማት አያስፈልግም። የየወሩ ክብደት መዝገብ ጠይቁ፤ በአንድ ወር ከ5 በመቶ በላይ መቀነስ፣ ማለትም 50 ኪሎ የነበሩት ከ47 ኪሎ ተኩል በታች ከወረዱ፣ ቸል የማይባል ነው። አልጋ ላይ የቀሩትን በየ2 ሰዓቱ ማገላበጣቸውን በምን እንደሚያረጋግጡ፣ ሰው ሲወድቅ ለቤተሰብ በስንት ሰዓት እንደሚደውሉ፣ በምን ምክንያት «ውሰዱልን» እንደሚሉ ይጠየቅ። የመጨረሻውን ጥያቄ ሰው ይፈራዋል፤ ግን ከገቡ በ3 ወር «ይጮሃሉ» ተብለው ከሚመለሱ ቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ራሱ ይመዘን። ከ1,200 ሜትር ገደማ ወደ 2,350 ሜትር መውጣት ነው፤ ብርዱ፣ የማያውቁት ምግብና ቋንቋ ይጨመርበታል። ጠያቂ የሌለው ነዋሪ ደግሞ በየትኛውም ማዕከል ቀስ በቀስ ይረሳል። በወር ሁለት ጊዜ የሚጠይቃቸው ሰው አዲስ አበባ ከሌለ ባንልካቸው እንመርጣለን።

እናታቸውን አሜሪካ የወሰዱ ልጆች የሚያጋጥማቸው ሌላ ነው። የመርሳት ሕመም መኖሪያ በብዙ ግዛቶች በወር ከ5,000 ዶላር በላይ ያስከፍላል፤ ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) የመኖሪያውን ኪራይና ምግብ አይከፍልም፣ የሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ የሚሰጠው) ሽፋን ደግሞ በየግዛቱ ይለያያል። ውሉ ላይ የቤቱ ዋጋና የእንክብካቤ ደረጃ ክፍያ ተለይተው ስለሚጻፉ ሕመሙ ሲገፋ ሒሳቡ ስንት እንደሚደርስ ይጠየቅ። የግዛቱ የቁጥጥር ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ከማስታወቂያው በፊት ያንን ማንበብ ነው።

ወረቀቱ ቶሎ ይለቅ

እናት የሚፈርሙትን ተረድተው መፈረም በሚችሉበት ጊዜ ውክልናው ይሰጥ። ቤት ለመሸጥና ለማስያዝ አጠቃላይ ውክልና አይበቃም፤ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ ወካዩ ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ያበቃል፤ ስለዚህ ሁሉን ነገር በውክልና እንጨርሳለን ብሎ ማሰብ አያስኬድም። ያ ቀን ሲመጣ መንገዱ በፍርድ ቤት የክልከላ ውሳኔ (በራሳቸው ውል እንዳይፈርሙ የሚያግድ) አሰጥቶ አሳዳሪና ሞግዚት ማሾም ነው፤ የሐኪም ማስረጃ ስለሚጠየቅ ቀድሞ የተያዘ የሕክምና ፋይል ይጠቅማል። እናት ምን እንደፈረሙ የማያውቁበት የቤት ሽያጭ በኋላ ወንድማማች ፍርድ ቤት ያቆማል።

የሚረዳ ልጅ ሲጠፋ ሕጉ ዝም አይልም። ድሬዳዋ ላይ በሚሠራው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ወላጅ ከልጆቹ ቀለብ መጠየቅ ይችላል፤ ሐረሪ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። እርግጥ ነው፣ ብዙው ሰው ከችሎት በፊት በሽማግሌ ይጨርሰዋል። ሽማግሌዎቹ ፊት ግን ብሩ ብቻ አይነገር፤ ሰዓቱም ይከፋፈል።

ዕቅዱ ሲያረጅ

ከአልዛይመር ምርመራ በኋላ ብዙዎች ከ4 እስከ 8 ዓመት ይኖራሉ፤ እስከ 20 ዓመት የሚቆዩም አሉ። ስለዚህ ዛሬ የተወሰነው ቤት የመጨረሻው አይደለም። በአንድ ወር ውስጥ ሁለቴ ከወደቁ፣ ከቤት ወጥተው ከጠፉ፣ ክብደታቸው ከቀነሰ፣ ወይም የምትንከባከባቸው ልጅ እንቅልፍ አጥታ እጇን እስከማንሳት ከደረሰች፣ ድልድሉ በዚያው ሳምንት ይለወጥ። የመጨረሻው ምልክት ሲነገር ያሳፍራል፤ ተደብቆ ሲቆይ ግን አደጋው በእናትየዋ ላይ ይወድቃል።

በመጨረሻው ደረጃ መዋጥ ይከብዳቸዋል። ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ አገጫቸው ትንሽ ወደ ደረት ዘንበል ብሎ፣ በሻይ ማንኪያ፣ አንዱ ሳይዋጥ ሌላው ሳይጨመር ይጉረሱ፤ ከበሉ በኋላም ለ30 ደቂቃ አይተኙ። ሆስፒታል ሲገቡ በአፍንጫ ቱቦ እንመግብ የሚል ሐሳብ ይነሳ ይሆናል። በዚህ ደረጃ ቱቦ ዕድሜ እንደሚያረዝም ወይም ምግብ ወደ ሳንባ እንዳይገባ እንደሚከለክል አልታየም፤ እንዳይነቅሉትም እጃቸው ይታሰራል። እኛ የምንመክረው እስከሚችሉት ድረስ በእጅ ማጉረስን ነው። ይህን ቤተሰቡ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ቆሞ ከሚወስን አስቀድሞ ተነጋግሮ፣ የሚናገርለትንም አንድ ሰው መርጦ ይቆይ።